ሥራዬ ባደገ ቁጥር ጸሎቴ አጠረ፤ ሹመቱን ልቀበል?

የሒሳብ_ሰው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ። አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ከበሮ መትቻለሁ፣ መዝሙር አስጠንቻለሁ፣ ለጥምቀት ምንጣፍ ተሸክሜ ከታቦቱ ፊት ሮጫለሁ። አሁን ቅዳሜና እሑድ የማስተርስ ትምህርት ነው። በሥራ ቀን ማታ ማታ ሪፖርት ነው። ቅዳሴ ብገባ እንኳ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል፣ ልቤም አብሮት ይወጣል። ውዳሴ ማርያም የምደግም ልጅ አሁን አቡነ ዘበሰማያት ብዬ እተኛለሁ።

ሰሞኑን የፋይናንስ ኃላፊ እንድሆን ተጠየቅኩ። ደመወዙ ከእጥፍ በላይ ነው። መኪና አለው። እናቴ ገና ስትሰማ ለሥላሴ ጧፍና ዣንጥላ ተስላለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ሹመቱን እፈልገዋለሁ። አብረውኝ የተመረቁት የት እንደደረሱ አያለሁ፣ እኔም መድረስ አማረኝ። ይሄ ፍላጎት ራሱ ኃጢአት ነው? ክርስቲያን «ማደግ እፈልጋለሁ» ቢል ያስነውራል? «ጸልይበት» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ እየጸለይኩበት ነው።

ገዳም_ናፋቂ

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ጸሎትህ አጥሯል፣ ልብህ ከቅዳሴ ወጥቷል። ሌላ ምን ምልክት ትፈልጋለህ? «ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ መገዛት አትችሉም» የተባለው ለማን ነው? ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ነበር፣ በሠርጉ ሌሊት ጥሎ ወጣ። አፄ ካሌብ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገባ። እነሱ ዙፋን ንቀዋል፤ አንተ ለአንድ ቢሮ እንቅልፍ ታጣለህ።

ይቅርታ፣ እኔ ማባበል አልችልበትም።

እትዬ_መርካቶ

ገዳም ናፋቂ፣ ካሌብ እኮ ዘውዱን የላከው ስንት ዓመት ነግሦ፣ ባሕር ተሻግሮ ናግራን ድረስ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ገና ሳይሾም አይደለም የመነነው። ይሄን ልጅ ዝም ብለህ አታስደንግጠው።

የኔ ልጅ፣ እኔ መርካቶ ጨርቅ እሸጣለሁ። ዓለም ውስጥ ሆኖ እምነትን መያዝ እንዴት እንደሆነ በኔ በኩል ያለውን ላውራህ፤ ከዚያ የሚጠቅምህን ውሰድ።

ሱቄ ውስጥ የማርያም ሥዕል አለ። በየወሩ በ21 ሱቅ ዘግቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የምስመው። ጽዋ ማኅበር አለኝ። ጾሙን ከሕፃንነቴ ጀምሬ እጾማለሁ። በዚህ ሁሉ እኔና ጎረቤቶቼ አንለያይም፤ ሁላችንም ሥዕል ሰቅለናል። ከዚያ ደንበኛ ይገባና «ያለ ደረሰኝ ስንት ትይዋለሽ?» ይላል። ክርስትናዬ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ቫት በ1995 ሲመጣ ሁላችንም 15 በመቶ መጨመር ብቻ መስሎን ነበር። ነገሩ ከዚያ ይከፋል። አስመጪው ዕቃ ሲሰጥሽ ደረሰኝ አይቆርጥልሽም፣ ወይም ከሸጠልሽ ዋጋ ግማሹን ጽፎ ይሰጥሻል። አንቺ ታዲያ ደረሰኝ ልቁረጥ ብትዪ የገዛሽበትን ማሳየት አትችዪም። የከፈልሽው ቫት አይቀነስልሽም። የሸጥሽው ሁሉ እንደ ትርፍ ይቆጠርብሻል። ስለዚህ ጻድቅ ልሁን ያለ ሰው ብቻውን ጻድቅ መሆን አይችልም፣ ከላይ ያለውም አብሮት ካልቀና። ሰባኪዎቻችን «በንግዳችሁ ታማኝ ሁኑ» ሲሉ ይሄን የሚያውቁት አይመስለኝም። አንድ ቀን አንዱ ሰባኪ ሱቄ ቢውል ደስ ይለኛል።

እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። በሙሉ ዋጋ ደረሰኝ የሚቆርጡ አቅራቢዎች ፈለግኩ። ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። የጨርቄ ዓይነት ቀነሰ። በዋጋ የሚከራከረው ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሄደ። ሁለት ዓመት ያህል በጣም ቀጥኜ ቆየሁ፤ ባለቤቴ «ቅድስናሽ አስራበን» ይለኝ ነበር። በኋላ ለመሥሪያ ቤት የሚገዙ፣ ደረሰኝ የግድ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እኔ ጋ መመላለስ ጀመሩ። ዛሬ እኖራለሁ። ሀብታም ነኝ አልልህም። ከኔ በኋላ ሱቅ የከፈቱ ፎቅ ሠርተዋል።

እና ሹመት ኃጢአት ነው ወይ ላልከው፣ እኔ አይመስለኝም። ግን አንተ ቦታ ላይ «ያለ ደረሰኝ ስንት ትይዋለሽ» የሚለው ጥያቄ የቱ ነው? እሱን ንገረኝ።

ዲያቆን_ዘአራዳ

እትዬ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እንደው ይሄን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መጥተው ቢነግሩልኝ።

በመጽሐፉ በኩል ጥቂት ልጨምር። ጌታ ለባለጠጋው ወጣት «ሽጠህ ለድሆች ስጥ» አለው። ዘኬዎስን ግን ቀረጥ መሰብሰቡን ተው አላለውም። ዘኬዎስ ራሱ ተነሥቶ የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች፣ የበደልኩትን አራት እጥፍ አለ። ማቴዎስ ደግሞ ከመቅረጫው ተነሥቶ ጭራሽ ተከተለው። ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም ገንዘብ የነካቸው፣ ለሦስቱም የተለያየ መንገድ። ሐኪም ለሁሉም አንድ ክኒን አያዝም። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በባለጠጋው ወጣት ታሪክ ላይ ለብቻው ስብከት የጻፈውም በእሱ ዘመን የነበሩ ሀብታሞች «እንግዲህ እኛ ጠፍተናል» ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው።

ደግሞ ሉቃስ ምዕራፍ 3ን አንብብ። ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ» አሉት። እሱ የበረሃ ሰው ነው። የግመል ጠጉር የለበሰ፣ አንበጣ የሚበላ። ኑ ከኔ ጋር መንኑ ይላቸዋል ብለህ ትጠብቃለህ። ያላቸው ግን ለቀራጮቹ «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ነው፤ ለጭፍሮቹ ደግሞ በማንም ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ «ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» ነው። ወደ ሥራቸው ነው የመለሳቸው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከሁሉ ቀድመን የምንጠራው ክርስቲያን ማን ነው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ጃንደረባ። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ያዥ፣ በዛሬ አነጋገር የፋይናንስ ኃላፊ። ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ተገኘ፣ ተጠመቀ፣ ከዚያም «ደስ ብሎት መንገዱን ይሄድ ነበር»። መንገዱ ወዴት ነበር? ወደ ቢሮው እኮ ነው።

ገዳም_ናፋቂ

ዲያቆን፣ ጥሩ ተናገርክ፣ ግን ጎዶሎ ነው። ጃንደረባው ከሥራው ወጥቶ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄዷል። የኛ ሰው አጥቢያው መድረስ አቅቶታል። በመንገድም መጽሐፍ ይዞ ነበር። የኛዎቹ መኪና ውስጥ ምን እንደሚያዳምጡ ታውቃለህ።

ዲያቆን_ዘአራዳ

ይሄኛውን እቀበላለሁ።

ናርዶስ_ሜሪላንድ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ነርስ ነኝ፣ ናይት ሺፍት። እትዬ መርካቶን ሳነብ ቀናሁ ብል ታምኑኛላችሁ? እሳቸው ጠላታቸውን ያውቁታል። እኔን ማንም ጉቦ አምጪ አላለኝም። ሐሰት ጻፊ ያለኝም የለም። ታክሴ ገና እጄ ሳይገባ ይቆረጣል። ሕጋዊ ሆኜ፣ ጨዋ ሆኜ ነው ከቤተ ክርስቲያን የጠፋሁት።

እንዴት መሰላችሁ? እሑድ ኦቨርታይም አለ። «ይህችን ወር ብቻ» ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለቤት ቅድመ ክፍያ ነበር። ቤቱ ተገዛ። ከዚያ ለወርሃዊ ክፍያው ሆነ። ከዚያ ልጆቹ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ያስፈልጋቸዋል ተባለ፣ ቤት ተቀየረ፣ ክፍያው ጨመረ። እዚህ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የንግሥ በዓሉን እንኳ ሠራተኛው እንዲደርስ ብለው ወደ ቅዳሜና እሑድ ያመጡልናል። እኔ ለዚያም አልደርስም። ልጄ «ማሚ፣ ቸርች የምንሄደው ሰው ሲሞት ነው?» አለችኝ። ለፍትሐት ብቻ ነው እኮ የወሰድኳት።

አሁን በወር ሁለት እሑድ አልሠራም። ኮንትራቴ ላይ አስጽፌዋለሁ፤ ለራሴ ቃል ብገባ ኖሮ አልጠብቀውም ነበር። ገንዘቡ ቀነሰ። ለዕረፍት የነበረን ብር ጠፋ፣ ሁለተኛ መኪናችንን ሸጥን። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም።

ጎረቤት_ጴንጤ

እኔ ከወንጌላውያን በኩል ነኝ፣ ካልተባረርኩ ልናገር። እናንተ ጋ ሰው ማደግ ሲያምረው ይጸጸታል። እኛ ጋ በአንዳንድ መድረክ ላይ ነገሩ ተገልብጧል፤ ያላደገ ሰው ነው የሚጸጸተው። መኪና ስትገዛ ምስክርነት ትሰጣለህ። ስትሸጠው ግን ማይክ የሚሰጥህ የለም። «ዘር ዝራ» ትባላለህ፣ ካልበቀለ እምነትህ አንሷል። አጎቴ የዕቁብ ብሩን እንዲህ ብሎ ዘርቶ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቷል። ስለዚህ የብልጽግና ወንጌል ሲባል (ፓርቲውን አይደለም የምላችሁ) ሆዴ ይገለበጣል።

ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ፣ የሥልጠና ማስታወቂያ ላይ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ተለጥፎ ታያላችሁ። ጳውሎስ ያን ሲጽፍ እስር ቤት ነበር። ከላዩ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ መጥገብንም መራብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም ተምሬአለሁ ይላል። ጨረታ ስለማሸነፍ አልነበረም። ኤርምያስ 29 ላይ ያለው «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለውም የተጻፈው ለምርኮኞች ነው። አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ደግሞ ሰባ ዓመት ጠብቁ ይላል። ይሄን ግን በምረቃ ካርድ ላይ ማንም አያትምም።

አወያይ

ጎረቤት፣ አትባረርም። ሌሎቻችሁ ግን በውስጥ መስመር «ይሄ ሰው ለምን እዚህ ይጽፋል» እያላችሁ አትላኩብኝ። ስለ ሃይማኖት ልዩነት መከራከር የፈለገ ሌላ ክር ይክፈት።

ትርሲት_ዱባይ

ስለ ሹመት ስታወሩ ሳቄ መጣ፣ አትቀየሙኝ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዕረፍቴ በወር አንድ ቀን ነው። ምኞት ግን የቢሮ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤተሰብ መጀመሪያ ጣራ አለ፣ ቆርቆሮ ላክሁ። አሁን የጎረቤት ልጅ ከሳዑዲ መጥታ ጂ ፕላስ ዋን ሠርታለች፣ አንቺስ ይሉኛል። ኮንትራቴን ሁለቴ ያሳደስኩት ለራሴ ምኞት ይሁን ለነሱ ምኞት አላውቅም። ጾሙን ግን አልፈታሁም። ማዳም ሥጋ እያስቀመሰችኝ «ጨው በቃው?» ስትለኝ ሳልቀምስ ከሽታው ነው የምገምተው።

ጸልዩልኝ።

የሒሳብ_ሰው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትርሲት እህቴ፣ አንቺን ካነበብኩ በኋላ መጻፍ አፈርኩ።

ጾሙ ለኔ ከባድ አይደለም። አዲስ አበባ የትም ሆቴል የጾም ምግብ አለ፣ ከደንበኛ ጋርም ብገባ የሚቸግረኝ የለም። ትምህርቱም ሰኔ ላይ ያልቃል። እትዬ መርካቶ የጠየቁኝ ግን ሲከነክነኝ ዋለ። አዎ፣ አለ። አሁን ያሉት ኃላፊ የሚለቁት ጡረታ ወጥተው ነው። ድርጅቱ ሁለት መዝገብ ይይዛል። አንዱ ለባለቤቶቹ፣ አንዱ ለግብር። እስካሁን እኔ ከሥር ሆኜ የተሰጠኝን ነው የማስገባው። ሹመቱን ከያዝኩ ፈራሚው እኔ ነኝ።

እትዬ_መርካቶ

ታዲያ የኔ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ስለ ውዳሴ ማርያም ማጠር ለምን ጠየቅከን?

አልቆጣህም። ሁላችንም እንዲህ ነን። ስለ «ዓለም» በደፈናው ሲወራ ደስ ይለናል፣ አያሳፍርምና። አንተ የምትፈራው አንዲት ፊርማ ነው። ስለ እሷ ብቻ እናውራ።

ጡረተኛ_ኦዲተር

ወይዘሮዋ ነገሩን ጨርሰውታል፣ እኔ የሥራውን ብቻ ልንገርህ። ብዙ ዓመት ኦዲት ሠርቻለሁ።

አንደኛ፣ «ድርጅቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» የሚለው አያስጥልህም። በታክስ አስተዳደር ዐዋጁ፣ በ983/2008፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ወንጀል ነው። የፈረመ ሰው በግሉም ይጠየቃል። ባለቤቶቹ ሲጨንቃቸው ደግሞ «ሒሳቡን የሚያውቀው እሱ ነው» ይላሉ። እንዲህ ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፣ በዐዋጅ 847/2006 መሠረት ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲያዘጋጁ ይጠበቃል፣ ቁጥጥሩም እየጠበቀ ነው። ብዙ ባለቤቶች ሁለተኛውን መዝገብ መዝጋት ይፈልጋሉ፣ እንዴት እንደሚጀምሩ ግን አያውቁም። ያለፈውን ዓመት ቢያስተካክሉ ቅጣቱ ያስፈራቸዋል። ስለዚህ አንተ «እምቢ» ብቻ ይዘህ አትግባ። የማስተካከያ ዕቅድ ይዘህ ግባ። ካሁኑ በጀት ዓመት ጀምሮ አንድ መዝገብ። የኋላውን በግብር አማካሪ አስጠንታችሁ፣ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ጋ በራሳችሁ ቀርባችሁ። ይሄን ከተቀበሉህ ሹመቱን በሁለት እጅህ ያዘው፣ እንዲያውም ለዚያ ድርጅት ከአንተ የሚሻል ሰው የለም። ካልተቀበሉህ ምን ዓይነት ወንበር ሊሰጡህ እንደነበር ታውቃለህ።

ሁሉንም በጽሑፍ አድርገው። በቃል የተባለ ነገር ነገ የለም።

ገዳም_ናፋቂ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ «ተወው» ብዬው ነበር። ቢተወው ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የሚፈርም ሰው ነው። ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር ልበል። እንቢ ብለውት እንኳ «ትንሽ ጊዜ ልታገሥ፣ ከውስጥ ሆኜ ልቀይረው» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። መኪናው በር ላይ ቆሞ እያለ ያ ሐሳብ በጣም ጣፋጭ ነው።

ዲያቆን_ዘአራዳ

ትክክል ብለሃል። በአክዓብ ቤት የነበረውን አብድዩን አስቡት። በዚያ ክፉ ንጉሥ ግቢ ውስጥ የቤት አዛዥ ነበር። መቶ ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ደብቆ በእንጀራና በውኃ መግቧል። ከውስጥ ሆኖ መሥራት ማለት እንዲህ ነው፤ ሹመቱን ለአደጋ አጋልጦ ነው የሠራበት። «ከውስጥ ነኝ» እያለ ነቢያቱን ያሳደደ ቢሆን ኖሮ ስሙም አይነሣም።

ጎረቤት_ጴንጤ

ምሳሌ 30ን ለወንድማችን፦ «ድህነትንና ባለጠግነትን አትስጠኝ»። እኔ ከዚህ የበለጠ ለደመወዝ ድርድር የሚሆን ጸሎት አላገኘሁም።

ናርዶስ_ሜሪላንድ

ሃሃ፣ የኔ ባለቤት ይሄን ጥቅስ ካየ ግማሹን ብቻ ነው አሜን የሚለው።

የሒሳብ_ሰው

ዛሬ የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። «ፊርማውን አትፈርም፣ ማደጉን ግን አትፍራ» አሉኝና ወደ ማኅሌት ገቡ። ማብራሪያ የለም።

ለሥራ አስኪያጁ የምሰጠውን ጻፍኩ። ጋሼ ኦዲተር፣ ይመልከቱልኝ፦

«ለተሰጠኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። ኃላፊነቱን የምቀበለው ድርጅቱ ካዲሱ በጀት ዓመት ጀምሮ አንድ የሒሳብ መዝገብ ብቻ እንዲይዝ ከተስማማን ነው። የኋላውን ለማስተካከል የሚረዳ ዕቅድ አያይዣለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ በያዝኩት የሥራ መደብ ለመቀጠል በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ጡረተኛ_ኦዲተር

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጣው። ከሥር ሆነህም የምታስገባው ያንኑ ሁለተኛ መዝገብ ነው እኮ። እዚያ ለመቀጠል አትለምን፤ እሱን በሌላ ጊዜ ትነጋገሩበታላችሁ። «ካዲሱ በጀት ዓመት» ያልከውንም ቀኑን ጻፍ፣ ሐምሌ 1 በል። ዕቅዱ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሥራ አስኪያጅ ሁለተኛ ገጽ አያነብም።

እትዬ_መርካቶ

ካባረሩህ ሒሳብ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። መኪና የለውም፣ ቢሮውም የሱቁ ቆጥ ላይ ነው፣ ደመወዙንም አሁን ብነግርህ ትስቃለህ። መዝገቡ ግን አንድ ነው።

የሒሳብ_ሰው

እትዬ፣ እውነትዎን ነው? ለማንኛውም ደመወዙን በውስጥ ይላኩልኝ።

አዲስ_ገቢ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ አሥራት የሚወጣው ከደመወዝ ላይ ግብር ሳይቆረጥ ነው ከተቆረጠ በኋላ?

ዲያቆን_ዘአራዳ

ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ። የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ለአጥቢያህ ስትከፍል ግን ደረሰኝ ተቀበል።

እትዬ_መርካቶ

እኔ ከትርፉ ላይ ነው፣ መንግሥት ድርሻውን ከወሰደ በኋላ። መጥፎ ወር ላይ ግን ሳልቆጥር አወጣለሁ፣ ከቆጠርኩ እጄ ይይዛል።

አወያይ

የአሥራቱ ጉዳይ አዲስ ክር ይከፈትለት፣ ይሄኛው ረዝሟል። የሒሳብ ሰው፣ መልሱ ሲመጣ እዚሁ ጻፍልን።